ጅማ ውስጥ ለወሊድ የሚያዘጋጅ ትምህርት አለ? የመጀመሪያዬ ነው፣ 31 ሳምንት ገብቻለሁ

አዲሷ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ነው የምኖረው፣ ፈረንጅ አራዳ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፣ 31 ሳምንት ገብቻለሁ። ክትትሌን አላቋረጥኩም፣ ደም ግፊቱም ደሙም ሽንቱም እስካሁን ደህና ነው ተብያለሁ። የኔ ችግር ፍርሃት ነው። መሥሪያ ቤት ቡና ላይ ከተቀመጥን ወሬው ሁሉ ምጥ ነው፣ ሆዴን ባዩ ቁጥር ይነሽጣቸዋል መሰለኝ። አንዷ «ሞቼ ነው የተነሳሁት» ትላለች፣ አንዷ የተሰፋችውን ስፌት ትቆጥርልኛለች፣ ሌላዋ ደግሞ «ምንም አይደል፣ ይረሳል» ብላ ትስቃለች። እኔ ማታ ጣራ ሳይ አድራለሁ።

አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ ከባሏ ጋር ሆነው ለወሊድ የሚያዘጋጅ ትምህርት ተምረው ነበር። አተነፋፈስ፣ አቀማመጥ፣ ባልየው ወገቧን እንዴት እንደሚይዝላት፣ ምን ሲሆን ሐኪም ቤት እንደሚኬድ። ላማዝ ይባላል አለችኝ። አላመመኝም አላለችም። «ምን እየሆነ እንዳለ ስለማውቅ አልደነገጥኩም» ነው ያለችኝ። ጆሮዬ ላይ የቀረችው እሷ ናት።

እና እዚህ ጅማ እንደዚህ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ቦታ የምታውቁ አላችሁ? ከሌለስ ቤቴ ሆኜ ምን ልለማመድ? በቀረኝ 9 ሳምንት ይደረስበታል ወይስ አርፍጃለሁ? ባለቤቴ ፈቃደኛ ነው፣ ግን ደም ሲያይ ራሱን ይስታል፣ እሱንም አስቡልኝ። የሚያስፈራ ታሪክ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ለጊዜው ያዙልኝ።

የሦስቱ እናት

እንኳን ደስ አለሽ የኔ እህት። እኔም ሁለተኛዋን ሳረግዝ ልክ እንዳንቺ ጠይቄ ነበር። የአዲስ አበባው ዓይነት፣ ተከፍሎበት ምንጣፍ ተነጥፎ የሚሠራበት ቦታ እኔ በፈለግኩበት ጊዜ አላገኘሁም። ያገኘሁት የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ነው። ስሙ የቀበሌ ስብሰባ ይመስላል፣ አትደንግጪ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ሚድዋይፍ ሆነው በወር አንዴ ነፍሰ ጡሮችን ይሰበስባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ይወራል። እዚያ የተማርኩት አደገኛ ምልክቶችን፣ ገንዘብ ማስቀመጥን፣ ማን እንደሚያደርሰኝና ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጠኝ አስቀድሜ መወሰንን ነው። አተነፋፈስ አልነበረበትም። ሲያልቅ ሚድዋይፏን ጥግ ላይ ይዤ ጠየቅኳት፣ በ10 ደቂቃ አሳየችኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ክትትልሽ ፊት ለፊት ጠይቂ። እነሱ አይነግሩሽም፣ ወረፋው ብዙ ነው፣ ከጠየቅሽ ግን የሚያስተምርሽ አይጠፋም።

አሁን የራሴን ልንገርሽ፣ የሚያስፈራውን ዘልዬ። የመጀመሪያውን ስወልድ (ቦታውን አልጠራም) ከገባሁ ጀምሮ በጀርባዬ ተኝቼ ነው ያማጥኩት። ልነሳ ስል «ተኚ!» ስጮህ «ዝም በይ!»። ምኑንም አላውቅም ነበር፣ ምጡ መጣ ሲል ትንፋሼን ይዤ እንደ ድንጋይ እደርቃለሁ። ሁለተኛዋ ላይ ግን ቤቴ ብዙ ቆየሁ። ሐምሌ ነው፣ የጅማ ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የጅማ በርጩማ አለን፣ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለው፣ አባቴ ለሠርጌ የሰጠኝ። አልጋው አጠገብ አስቀምጬው ፊቴን ወደ አልጋው አድርጌ ተቀመጥኩ፣ ክንዴን አልጋው ላይ አጣጥፌ ግንባሬን ጣልኩበት። ባሌ ከኋላዬ ተንበርክኮ ወገቤን ማሸት ጀመረ። ቆዳዬን ላይ ላዩን ሲፈትገኝ አናደደኝ። «አትሸኝ! ግፋው!» አልኩት። ከዚያ መዳፉን፣ ይኼ ከእጅ አንጓ ቀጥሎ ያለውን ጠንካራውን ክፍል፣ ከወገቤ በታች ጠፍጣፋው አጥንት ላይ አድርጎ የተቀረቀረ በር እንደሚገፋ ሰው ገፋው። ምጡ አልሄደም፣ ግን ግማሹን እሱ የተሸከመው መሰለኝ። ሲያልፍ ይለቃል፣ ሲመጣ ይገፋል። እንዲህ ስንል አራት ሰዓት ሄደ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፣ አማቴ ደስ እንዲለኝ ብላ ቡና ቆላች። ቡና የምወድ ሴትዮ ሽታው አንጀቴን ገለበጠው፣ አስመለሰኝ። ቤተሰብሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በባጃጅ ሄድን፣ ስንደርስ የማህፀን በሬ 7 ሴንቲ ተከፍቶ ነበር። አዋላጇ «ምነው ዝም አልሽ፣ ምጥ ነው የያዘሽ?» አለችኝ።

ነገር በአጭሩ

ይቅርታ፣ የፈረንጅ ነገር ትንሽ አልበዛም? እናቶቻችን የት ተምረው ነው እኛን የወለዱት? መተንፈስ ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል? ከተወለድን ጀምሮ እየተነፈስን ነው። እህት፣ ማርያም ትቅረብሽ፣ ብዙ አታስቢ።

ሚድዋይፏ

ወንድሜ «ነገር በአጭሩ»፣ ከአንተ ልጀምር። 11 ዓመት አዋልጃለሁ፣ መጀመሪያ ገጠር ጤና ጣቢያ፣ አሁን ከተማ። ምጥ የያዛት ሴት ትንፋሿን ስትይዝ መጥተህ ብታይ ይህን አትጽፍም ነበር። ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ይወጣል፣ ጥርሷ ይገጥማል፣ የአልጋውን ብረት አንቃ ትይዛለች። ፍርሃት ሰውነትን ያኮማትራል፣ የተኮማተረ ሰውነት ሕመሙን ያባብሰዋል፣ ሕመሙ ደግሞ መልሶ ፍርሃቱን ይጨምራል። ይህን አዙሪት በ1930ዎቹ ግራንትሊ ዲክ ሪድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ጽፎታል። ላማዝም የሰው ስም ነው፣ ፈርናንድ ላማዝ፣ ፈረንሳዊ የማህፀን ሐኪም። በ1951 ሶቪየት ኅብረት ሄዶ እናቶች አስቀድመው ተዘጋጅተው ያለ ማደንዘዣ ሲወልዱ አየና ፓሪስ ላይ ጀመረው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) ያኔ ፈጣን ፈጣን አተነፋፈስ ያስተምሩ ነበር፣ ፊልም ላይ የምታዩት ሂ ሂ ሁ የሚባለው። እሱን አትልመዱት። ሲበዛ ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል። አሁን የላማዝ መምህራን ራሳቸው አተነፋፈሱን አንድ መሣሪያ ብቻ ነው የሚሉት። ምጡ በራሱ ጊዜ ይጀምር፣ ተንቀሳቀሺ፣ የምታምኚው ሰው አጠገብሽ ይሁን፣ በጀርባሽ ተንጋለሽ አትግፊ፣ ልጁ ከእናቱ አይለይ፣ ይኼ ነው ዋናው ትምህርታቸው።

አዲሷ እናት፣ አላረፈድሽም። እኔ ለእናቶች የማሳየው እንዲህ ነው። ቡና ተቆልቶ ምጣዱ ወደ አንቺ ሲዞር ጭሱን እንዴት ነው የምትስቢው? ቀስ ብለሽ፣ በአፍንጫ፣ ዓይንሽን ከደን አድርገሽ። እሱ አገባቡ ነው። አወጣጡ ደግሞ ከሰል በአፍሽ ስታቀጣጥይ አመዱ እንዳይበን እፍፍፍ የምትይው ነው፣ ለስለስ አድርገሽ፣ ረዘም አድርገሽ። ስትስቢ እስከ አራት ቁጠሪ፣ ስታወጪ እስከ ስድስት። ስታወጪ መንጋጋሽ ይላላ፣ ትከሻሽ ይውረድ፣ እጅሽ ይከፈት። ዋናው ሚስጥር ማውጣቱ ላይ ነው። ማታ ስትተኚና ጠዋት ስትነሺ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ሆድሽ ጠጠር ሲልም ሞክሪበት። ዛሬ ያልለመድሽውን በምጥ ሰዓት አታገኚውም። («የሦስቱ እናት» የቡናውን ሽታ ስትጠላው ሳቄ መጣ፣ ግን እውነቷን ነው፣ ብዙዎቹ ያስመልሳቸዋል። ምሳሌው ነው እንጂ ቡናው ራሱ አይምጣ።)

እንቅስቃሴ። ለመጀመሪያ ልጅ ምጡ ቀርፋፋ ነው። የማህፀን በር 5 ሴንቲ እስኪከፍት ያለው ጊዜ ለሁሉም አንድ አይደለም፣ ቀንም ሌሊትም ሊፈጅ ይችላል፣ ብዙ ሴቶች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው። ከ5 ሴንቲ በኋላ እንኳን ለመጀመሪያ ወላድ እስከ 12 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጉልበትሽን ገና በመጀመሪያው አትጨርሺ። ተራመጂ፣ ተቀመጪ፣ ግድግዳ ተደገፊ፣ ተንበርከኪ፣ ሱጁድ እንደሚወረደው ደረትሽን ዝቅ ወገብሽን ከፍ አድርጊ። የወገብ ምጥ የያዛት ይህኛው በጣም ያግዛታል። ምጡ ሲጀምር ቆመው የሚንቀሳቀሱ ሴቶች ከተኙት ይልቅ የምጡ የመጀመሪያ ክፍል (የማህፀን በር ሙሉ እስኪከፈት ያለው) ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያጥርላቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ደህና እስከሆንሽ ድረስ ውሃና አጥሚትም ፉት በይ፣ ባዶ ሆድ ምጥ ከባድ ነው።

ስለ መግፋት ደግሞ አደራ። 10 ሴንቲ ሳይሞላ አትግፊ፣ የማህፀን በር ያብጣል፣ አንቺም ትደክሚያለሽ። ሲሞላ ሰውነትሽ ራሱ «አምጪ» ይልሻል፣ ስሜቱ ሲመጣ ግፊ። የልጁ ራስ ብቅ ሲል ግን «አቁሚ፣ እፍ እፍ በይ» ስትባዪ ስሚ። ያቺ አንድ ደቂቃ ናት ስፌት የምታስቀረው። ከ34 ወይ ከ35 ሳምንት ጀምሮ ደግሞ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ሥጋ እጅሽን ታጥበሽ በንጹሕ ዘይት በሳምንት አንዴ ሁለቴ በአውራ ጣትሽ ወደ ታችና ወደ ጎን ብታለማምጂው ለመጀመሪያ ወላዶች የመቀደድንና የመቆረጥን ዕድል ይቀንሳል። ታፍራላችሁ አውቃለሁ። ኢንፌክሽን ካለብሽ፣ ደም ካየሽ ወይ የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ ግን አታድርጊው።

መቼ ሐኪም ቤት እንደምትመጪ ደግሞ፣ በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ 1 ደቂቃ ገደማ እየቆየ ለአንድ ሰዓት ከቀጠለ ነይ። አንቺ ከተማ ስለሆንሽ ነው ይህን የምልሽ። ከዴዶ ወይ ከሰቃ ገጠር የምታነቡኝ ካላችሁ ይህን አትጠብቁ፣ ወሩ ሲገባ የእናቶች ማቆያ ያለው ጤና ጣቢያ መጥታችሁ ቆዩ። ውሃው ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ነይ፣ አረንጓዴ ከሆነ ሩጪ። ደም፣ የሚፈልጥ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት፣ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ እነዚህ አተነፋፈስ የሚሞከርባቸው አይደሉም፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚጠጣ ቅጠልና ሥር አልደግፍም፣ መጠኑ አይታወቅም፣ ማህፀን ሊቀድ የሚችል አለበት። ሆድሽንም ማንም ከላይ እንዳይጫንሽ። ተልባ ለድርቀት ከሆነ ጠጪ፣ ምጥ ያቀላል ብዬ ግን አላስተምርም።

የቆጪዋ

ሲስተር አላህ ይስጥሽ፣ ሁሉንም አልሽው። እኔ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ጠያቂዋ አስፈሪ ታሪክ አትንገሩኝ ብላለች፣ ይኼ አስፈሪ አይደለም።

እኔ በጣም ነበር የተዘጋጀሁት። ከ20 ሳምንት ጀምሮ ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት የለም። ተምር በላሁ (ሱረቱል መርየም ላይ በምጥ ሰዓት የተጠቀሰውን ታውቃላችሁ)፣ ተራመድኩ፣ አዌቱ ወንዝ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለስ ነበር። በተፈጥሮ ካልወለድኩ ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። 14 ሰዓት አምጬ 8 ሴንቲ ላይ የልጁ የልብ ምት ወረደ፣ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ ኦፕራሲዮን ተባልኩ። አለቀስኩ። ልጁን ፈርቼ አይደለም ያለቀስኩት፣ ፈተና የወደቅኩ መስሎኝ ነው። አስቡት።

ግን ያቺ አተነፋፈስ የሠራችልኝ ያኔ ነው። የጀርባ መርፌውን ሲወጉኝ ጎንበስ ብለሽ አትነቃነቂ ይላሉ፣ መሀል ላይ ምጡ መጣ፣ እፍፍፍ ብዬ አሳለፍኩት። ሐኪሙ «ጎበዝ» አለኝ፣ እስካሁን የምኮራባት ጎበዝ እሷ ናት። በአምስተኛው ቀን የባሌ ቤተሰቦች ሸነን (የአራስ የአምስተኛ ቀን ወግ) ብለው ገንፎውን ይዘው መጡ፣ አንዷ አሮጊት ጆሮዬ ላይ «ምጡንም አምጠሻል፣ ቢላዋውንም ችለሻል፣ ሁለቴ ነው የወለድሽ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ «አልወለደችም፣ አወጡላት» የሚለኝን ሁሉ በሳቅ ነው የማልፈው።

ስለዚህ ተዘጋጂ ውዴ፣ ግን እንደ እኔ አትማይ።

ባል ነኝ

የሴቶቹ ጉባኤ ላይ ዘው ብዬ ስለገባሁ ይቅርታ። ደም ሲያይ ለሚወድቀው ወንድሜ ነው የምጽፈው።

እኔም እንደዛው ነኝ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ራስጌዋ ጋ ቁም፣ ወደ እግሯ አትይ። ማንም እይ ብሎ አያስገድድህም። ሥራህ ቤት ነው የሚጀምረው። ስልክህ ላይ ሰዓት ያዝ፣ አንዱ ምጥ ከጀመረበት እስከ ሚቀጥለው መጀመሪያ ያለውን ነው የምትቆጥረው፣ ካለቀበት አይደለም፣ እኔ ተሳስቼ ለስንት ሰዓት ስቆጥር ነበር። ውሃ አቅርብ። ወገቧን እንዳለችህ ግፋ (ላይ ያለችው እናት በደንብ ጽፋዋለች፣ ክንድህን ቀጥ አድርገህ በሰውነትህ ክብደት እንጂ በጡንቻህ አትግፋ፣ ያለዚያ በግማሽ ሰዓት ትደክማለህ)። ባጃጅ ያለው ጎረቤት ቁጥር ቀድመህ ያዝ፣ ሌሊት ቆመህ አትጠብቅ።

ትልቁ ምክሬ ግን «አይዞሽ» አታብዛ። እኔ 40 ጊዜ ያህል ብያታለሁ። በ41ኛው «አይዞሽ አትበለኝ፣ ተንፍስ!» አለችኝ። አብሬያት ጮክ ብዬ ስተነፍስ ነው ለካ የሚረዳት፣ ትንፋሼን እየሰማች ትከተለኛለች። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

የማዋለጃ ክፍሉ ግን አላስገባኝም። ኮሪደር ላይ ነው እልልታውን የሰማሁት። ለምን ብዬ ስጠይቅ በአንድ ክፍል ብዙ ሴቶች ስለሚወልዱ ነው ተባልኩ፣ አልፈርድባቸውም፣ የሌላውን ሚስት ገመና ማን ያያል? መጋረጃ ቢኖር ግን እገባ ነበር።

አዲሷ እናት

እንዴት ብዬ ላመስግናችሁ! ትናንት ማታ የሲስተርን የቡና ትንፋሽ ባለቤቴን አስቀምጬ አብረን ሞከርን። እሱ በስድስት ማውጣቱ አቃተው፣ በአራት ያልቅበታል፣ ሲጋራ አቁም ብዬው አላውቅም እንዲህ በግልጽ። እኔ ደግሞ ሦስተኛው ላይ አዛጋሁ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። ስንት ቀኔ!

ሲስተር ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ወንድ ካላስገቡ እናቴን ይዤ መግባት እችላለሁ? ሌላው፣ ባልችለውና መርፌ ስጡኝ ብልስ?

ሚድዋይፏ

የኔ ቆንጆ፣ እንኳን ተኛሽ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆን ይመክራል። ከምጡ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚደግፋት ሰው ያላት ሴት ኦፕራሲዮንም ይቀንስላታል፣ ምጡም ያጥርላታል፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተካተቱባቸው ጥናቶች ተደምረው የታየ ነገር ነው። ግን ቦታ ከቦታ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ክፍሉ ሳይሆን የሰዉ ልብ ነው የሚጠበው፣ የራሴንም ሙያ ሰው ጨምሬ ነው የምለው። ስለዚህ በምጥ ሰዓት በር ላይ አትከራከሪ። አሁን፣ በክትትልሽ ቀን፣ የምትወልጂበት ቦታ ሄደሽ «ማንን ይዤ እገባለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሴት ከሆነች ብዙ ጊዜ ይቀላል። እናትሽን አምጪያት፣ ግን አተነፋፈሱን እሷንም አለማምጃት። እናት ስትደነግጥ ልጅ ትደነግጣለች።

ስለ መርፌው፣ ብትጠይቂ ምን ነውር አለው? እዚህ በጀርባ የሚሰጠው የምጥ ማደንዘዣ እንደልብ የሚገኝ አይደለም። በመርፌ የሚሰጡ የሕመም ማስታገሻዎች አሉ፣ መቼ እንደሚሰጥ የሚያይሽ ባለሙያ ይወስናል፣ ምክንያቱም ልትወልጂ ስትቀርቢ ከተሰጠ የልጁን አተነፋፈስ ሊያዳክም የሚችል አለ። በተፈጥሮ መውለድ ማለት ምንም አልቀበልም ማለት አይደለም። ልጁ እንደወጣ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ ጭንሽ ላይ የምትወጊው መርፌ አለ፣ እሷን ደግሞ እምቢ እንዳትዪኝ።

ነገር በአጭሩ

ተመልሼ መጣሁ። ሲስተር ከጻፈችው በኋላ ትንሽ ከነከነኝና እናቴን ጠየቅኳት። ሊሙ ነው የወለደችን፣ ገጠር። «እማዬ፣ እናንተ ያለ ትምህርት አይደል የወለዳችሁት?» አልኳት። ጋቢዋን ሰብስባ አየችኝ።

«ማን ነገረህ? አማቴ ዘጠኝ ወር ሙሉ አስተምራኛለች» አለች። «ጥርስሽን አትንከሺ፣ ቁጭ ብለሽ አትዋይ፣ ምጥ ሲመጣ እንዲህ ተንበርከኪ፣ ትለኝ ነበር። ሲመጣ ደግሞ ምሰሶውን ይዤ ተንበረከክኩ፣ አንዷ ከኋላ ደገፈችኝ፣ አንዷ ወገቤን ያዘችኝ፣ የቀሩት ማርያም ማርያም ይላሉ። ማን ብቻዋን ወለደችና ነው?»

እኔም ድል ያደረግኩ መስሎኝ «በይ ታዲያ፣ ያለ ሐኪም ይቻል ነበር ማለት ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ሰባት ወልጄ አምስት ነው ያሳደግኩ» አለችኝ። «ሦስተኛዋን ሁለት ቀን አማጥኳት፣ መኪና አልነበረም። አንተን ለመውለድ ግን ስምንተኛው ወር ላይ አባትህ ጅማ አመጣኝ። አንተ በሐኪም እጅ ነው የወጣኸው።»

35 ዓመቴ ነው። ዛሬ ነው ይህን የሰማሁት። እህት፣ የጻፍኩትን ተይው፣ ተማሪ።

የሦስቱ እናት

ለእናትህ እግራቸውን ሳምልኝ። ሌላ ምንም አልልም።

አዲሷ እናት

ዛሬ ክትትል ነበረኝ። የምወልድበት ቦታ አንዲት ሴት ይዤ መግባት እንደምችል ነገሩኝ፣ የቀረውን ባለቤቴ ቤት ይጨርሰዋል። ያየችኝ ሚድዋይፍ ስጠይቃት መጀመሪያ ገረማት፣ ቀጥላ ተነስታ ግድግዳው ጋ ቆማ አቋቋሙን አሳየችኝ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሦስት ነፍሰ ጡሮችም ገብተው አዩ። አንዷ ከሰቃ የመጣች ናት፣ ስልክ ተለዋወጥን።

ስመለስ መርካቶ አልፌ በርጩማ ገዛሁ። ሦስት እግር ያለው ነው፣ ዝቅ ይላል። ባለቤቴ ወገቤን መግፋት ሲለማመድ በጣም ስለገፋኝ ከነበርጩማው ወደ አልጋው ተደፋሁ፣ እናቴ ከማጀት ሮጣ መጣች። «የሦስቱ እናት»፣ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጠው ወይስ ባዶ ሲሚንቶ ላይ? የኔው ይንሸራተታል።

የሦስቱ እናት

ጆንያ አንጥፊበት። ባልሽን ደግሞ ቀስ በል በይው፣ ገና 9 ሳምንት አለው።